ኮሚቴው ያልጻፈላት ደብዳቤ

ኔልዳ ፕሬተር ሐኪም ለመሆን የቆረጠችው በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ከአባቷ ጎን የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለ ነው። አባቷ ኦርቪል ሃያ ስድስት ዓመት ከሰል ሲቆፍር ኖሮ ደረጃ መውጣት አቅቶት ነበር። የማዕድኑ ኩባንያ የመደበው ሐኪም የደረቱን ራጅ ወደ መብራቱ አንስቶ አየና፣ ወደ ኦርቪል ዞር እንኳ ሳይል፣ «ሲጋራውን መቀነስ ነው» አለ። ኦርቪል በዕድሜው ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ይህን ሊናገር አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው። ሳሉ እስኪለቀው ድረስ ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ፈርሞ ወጥቷል። እናቷ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗት ስለነበር በክፍሉ ውስጥ የሚከራከርለት ሌላ ሰው አልነበረም። ኔልዳ ያን ቀን ሰው ስለማዳን አላሰበችም። እኔ ብሆን ቢያንስ ፊቱን አየው ነበር ብላ ነው ያሰበችው።

የምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች ውስጥ፣ ስቶኒ ፎርክ በምትባለው መንደር፣ ሐኪም እሆናለሁ የሚል ልጅ አይሳቅበትም። «ጎሽ» ይሉታል፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ኔልዳ ግን ትምህርቷ ላይ ግትር ነበረች፤ በመጨረሻ ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ያለ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ተቀበላት። ይህ ኮሌጅ የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው። ከአራት ዓመት ትምህርት በኋላ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ከሚልካቸው ተማሪዎቹ ውስጥ ከመቶ ዘጠና አራቱ ይገባሉ። ቁጥሩ በመጽሔቱ ሽፋን ላይ አለ፤ ለጎብኚ ወላጆች በሚሰጠው የውኃ ጠርሙስ ላይ ሳይቀር ታትሟል። ኔልዳም ኮሌጁን የመረጠችው ቁጥሩን አይታ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ ኦርቪል መታጠቢያ ቤት ወድቆ ሆስፒታል ገባ። ኔልዳ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች፤ ሦስት ሳምንት አልጋው አጠገብ ከረመች። ስትመለስ የኬሚስትሪ ፈተና አምልጧታል። አስተማሪዋ ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ብቻ ደንቡን አሳያት። «የሞት ከሆነ ማስረጃ አምጥተሽ ትፈተኛለሽ» አላት። «ሕመም ግን እዚህ ላይ አልተጻፈም።» በዚያ ዓመት ኬሚስትሪዋ ላይ ሲ ገባ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከኤ በታች አግኝታ አታውቅም፤ ያቺ ሲ ግን እዚያው ነበረች።

መኝታ ክፍል የምትጋራት ጓደኛዋ ኮሪን ዌሴል ትባላለች፤ የሲንሲናቲ ልጅ ናት። ኮሪን ተጫዋች፣ ለጋስ፣ ሹራቧን አውልቃ ለሰው የምትሰጥ ልጅ ነበረች፤ ይህን ኔልዳም አትክድም። በሁለተኛው ዓመት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲመጣ ግን ኮሪን ልትሰምጥ ደረሰች። ኔልዳ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ከካፍቴሪያው ወይን ፍሬና የጥርስ እንጨት ይዛ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ትወርዳለች፤ ወይኑን በእንጨቱ እየሰካካች ሞለኪውል ትሠራለች።

«ይሄና ይሄ አንድ አይደሉም?» ትላታለች ኮሪን።

«እጆችሽን አጋጥሚ። አሁን ግራሽን በቀኝሽ ላይ ደርቢው፤ መዳፎቹ ሁለቱም ወደ ታች ይሁኑ። ገጠመ?»

«አልገጠመም። አውራ ጣቴ በዚያ በኩል ሆነ።»

«እነዚህም እንደዚያ ናቸው። ይመሳሰላሉ እንጂ አይገጥሙም።»

«እሺ፣ ፈተና ላይ ይሄን ካጣሁት እጄን እቆርጣለሁ» ብላ ኮሪን ሞለኪውሉን አንስታ በላችው። ሁለቱም ሳቁ። ያን ዓመት ኮሪን ቢ ፕላስ አገኘች።

ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ተማሪ ትምህርቱን ብቻ አጥንቶ አይበቃውም። ሰዓት መሰብሰብ አለበት፤ በሽተኛ አጠገብ የቆየበት ሰዓት፣ ሐኪም ተከትሎ የዞረበት ሰዓት፣ በጎ ፈቃድ የሠራበት ሰዓት። ኮሌጁ ውስጥ ልጆቹ «ደህና ዋልሽ» በማለት ፈንታ «ስንት ሰዓት ደረስሽ» እስከመባባል ደርሰው ነበር። ኔልዳ ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ታገላብጣለች፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ብርጭቆ ውስጥ ታስቀምጣለች። የኮሪን አጎት ደግሞ የታወቀ የልብ ቀዶ ሐኪም ነው። ኮሪን በየእረፍቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ ከትከሻው ኋላ ቆማ ታያለች።

«አጎትሽን እኔም እንድገባ ጠየቅሽልኝ?» አለቻት ኔልዳ አንድ ቀን።

«ውይ፣ ረሳሁት። በዚህ ሳምንት እደውልለታለሁ።»

ከወር በኋላ ደግማ ጠየቀቻት። ኮሪን ፀጉሯን እያበጠረች በመስተዋቱ ውስጥ አየቻት። «ሆስፒታሉ ለዘመድ ብቻ ነው የሚፈቅደው አሉኝ።»

«ባለፈው የእናትሽ ጓደኛ ልጅ ገብቶ አልነበር?»

«እሱማ ዘመድ በይው» አለች ኮሪን፤ አምናበት ነበር የምትናገረው። ኔልዳ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።

በዚያ ክረምት አገሯ ተመልሳ የዶክተር ቬንካትን ክሊኒክ በር አንኳኳች። ዶክተር ቬንካት በወጣትነታቸው ከሕንድ መጥተው እዚያው ተራራ ላይ አርባ ዓመት የኖሩ፣ እንግሊዝኛቸው እንደ ተራራው ሰው የሚጎተት፣ ግማሹን መንደር በእጃቸው ያዋለዱ ሰው ናቸው። ኔልዳን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «ሰዓት ልትቆጥሪ ነው ወይስ ልትሠሪ?» አሏት።

«ሁለቱንም» አለች።

«አልዋሸሽም። ግቢ።»

ክረምቱን ሙሉ ተከተለቻቸው። አንድ ቀን አንድ የቀድሞ ማዕድን ሠራተኛ ሸሚዙን ገልቦ ተቀምጦ ሳለ የደረት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። «ከታች በኩል አድምጪ። ምን ሰማሽ?»

ኔልዳ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። «የጫማ ተለጣፊ ማሰሪያ ቀስ ብሎ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ።»

«መጽሐፉም እንደዚያ ነው የሚለው። አንቺ ግን ከመጽሐፍ አይደለም ያመጣሽው።»

አልነበረም። አሥር ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ከአባቷ ደረት ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ነው።

በሦስተኛው ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያውን ፈተና ወሰደች። ሰባት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፈተና ነው። ውጤቱ ሲመጣ ከኮሌጁ ሁለተኛ ሆነች። ኮሪን መካከለኛ ውጤት አገኘች፤ አልቅሳ ስታበቃ ኔልዳን አቅፋ «አንቺማ ገባሽ በቃ» አለቻት። ኔልዳም አመነቻት። በሕይወቷ ያ ሳምንት ብቻ ነበር እንዲህ ሳትጠራጠር ያለፈችው።

የቀረው የኮሚቴው ደብዳቤ ነበር። ኮሌጁ በአንድ ኮሚቴ በኩል ለሚደግፈው ተማሪ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል። ያ ደብዳቤ ሳይኖር ማመልከት አይከለከልም፤ ግን ደብዳቤው የሌለው ተማሪ ሲመጣ የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ «የገዛ ኮሌጁ ያልደገፈውን እኛ ለምን?» ይላሉ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ዶክተር ሃቨርሊ የሚባሉ የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰር ናቸው። ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ትልቅ የአገሪቱ ካርታ አለ። ሐኪም የሆኑት ተማሪዎቻቸው ያሉበት ከተማ ሁሉ ላይ ቀይ መርፌ ተሰክቶበታል።

የኔልዳን የማመልከቻ ጽሑፍ አንብበው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ይሄን ማንም ሊጽፈው ይችላል» አሉ። «አባትሽ የከሰል ሠራተኛ ነበሩ አይደል? ታመዋል መሰለኝ።»

«አዎ።»

«ታዲያ የት አሉ? እዚህ ወረቀት ላይ አላየኋቸውም።»

«የእሱ ጉዳይ የእሱ ነው። ያመለከትኩት እኔ ነኝ።»

ዶክተር ሃቨርሊ ፈገግ አሉ። «ስሚኝ፤ አንባቢው በቀን ስልሳ ጽሑፍ ያነባል። ስልሳውም ሰው መርዳት እወዳለሁ ይላል። አንቺ ሌላው የሌለው ነገር አለሽ። ተጠቀሚበት እንጂ።»

ለጸደይ እረፍት አገሯ ስትሄድ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ሄደች። ቦሎቄ ቀቀለች፣ የበቆሎ ዳቦ ጋገረች፣ ኦርቪልን ኩሽና ውስጥ አስቀምጣ ስለ ማዕድኑ ጠየቀችው። ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም ነግሯት አያውቅም። የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫው ሥር አስተካከለና ቀስ እያለ ጀመረ። እየተናገረ በሄደ ቁጥር ፊቱ ሲፈታ አየች። ልጁ አድጋ አባቷን ልታውቅ የፈለገች መስሎት ነበር።

ጣሪያው ስለወደቀበት ቀን ነገራት። እሱና ሎኒ ኮምብስ ከአለቱ ኋላ ተቀርቅረው ቀሩ። ሎኒ ወዲያው ሞተ። ኦርቪል አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ከሬሳው ጋር ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ።

«የእኔ የምሳ ሣጥን ከአለቱ ሥር ቀርቷል» አለ። «የሎኒ እጁ ላይ ነበር። ጣቶቹን ፈልቅቄ ወሰድኩበት። ሚስቱ የሠራችለትን ሳንድዊች በላሁት። ከዚያ ኬኩን በላሁት። ርቦኝም አይመስለኝም፤ ፈርቼ ነው። እናትሽ እንኳ ይሄን ሳታውቅ ነው የሞተችው።»

የሎኒ ሚስት ዶቪ ኮምብስ እስከ ዛሬ ከእነሱ ሦስት ቤት ዝቅ ብላ ትኖራለች። በየፋሲካው ለኦርቪል ኬክ ጋግራ ትልክለታለች። ባሏ በሞተበት ሰዓት አጠገቡ ስለነበረ።

ኔልዳ ጻፈችው። ለኮሌጁ ሳይሆን ለራሷ ነው እያለች ጻፈችው፤ ጽሑፉ ሲያልቅ ግን ጥሩ ነበር፤ ጥሩ መሆኑን ደግሞ አወቀች። ልትደብቀው አልቻለችም። ለመመለስ ቦርሳዋን ባዘጋጀችበት ጠዋት ወረቀቱን ለኦርቪል ሰጠችው።

በጣቱ መስመሩን እየተከተለ አነበበ። ሁለት ገጽ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት፤ አንድ ጊዜም ቀና አላለም።

«ልከሽዋል?»

«ገና ነው።»

«የሎኒን ምሳ ጻፍሽው።»

«ስሙን ቀይሬዋለሁ አባዬ።»

«ምሳው ግን ያው ነው።»

«አትላኪ ካልከኝ አልልክም» አለች። ይህን ስትል ግን አትላኪ እንዳይላት እየለመነችው እንደነበር እሱም እሷም ያውቃሉ።

ኦርቪል ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። «የሚያስገባሽ ከሆነ ላኪው» አለ። ከዚያ የኦክስጅኑን ጋሪ እየጎተተ ወደ በረንዳው ወጣ፤ አውቶቡስ ለመያዝ ስትወጣም እጁን አነሣላት እንጂ አልተነሣም።

ዶክተር ሃቨርሊ አዲሱን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኸውልሽ» አሉ። «ይኸው።»

በግንቦት ኮሚቴው ጠራት። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ዶክተር ሃቨርሊ፣ አንዲት የኬሚስትሪ መምህርትና ከከተማ የመጡ አንድ ሐኪም። ስለ ትምህርቷና ስለ ክሊኒኩ ጠየቋት፤ በደንብ መለሰች። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ጽሑፏን አነሡ።

«በጣም ልብ ይነካል» አሉ። «ግን አንድ ነገር አሳስቦኛል። መጀመሪያ ዓመት ላይ አባትሽ ሲታመሙ ሦስት ሳምንት ቀርተሻል። በጽሑፉ እንዳየነው ደግሞ ሕመማቸው የሚብስ ነው። ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተሽ ቢብስባቸው ምን ታደርጊያለሽ?»

«እሄዳለሁ» አለች ኔልዳ። «ከዚያ እመለሳለሁ። ያኔም ተመልሻለሁ።»

«ሌላ የሚያያቸው ሰው የለም?»

«የለም።»

ሐኪሙ የሆነ ነገር ጻፉ። ዶክተር ሃቨርሊ ጠረጴዛውን ያዩ ነበር።

ከስምንት ቀን በኋላ ወረቀት ደረሳት። ኮሚቴው ጥረቷን እንደሚያደንቅ፣ ሆኖም በዚህ ዓመት ሊደግፋት እንዳልቻለ ይገልጻል። በዚያው ሰዓት ኮሪን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የራሷን ከፍታ ነበር። ፊቷ በርቶ ቀና አለች፤ የኔልዳን ፊት ስታይ ግን ወረቀቱን ትራሷ ሥር ከተተችው።

«ስህተት ይሆናል» አለች። «ሂጂና አነጋግሪያቸው። አንቺ ሳታልፊ እኔ ካለፍኩ ስህተት ነው።»

ኔልዳ ሄደች። ዶክተር ሃቨርሊ ወንበር አሳዩዋት፤ አልተቀመጠችም።

«ምን ጎደለኝ?»

«የመጀመሪያ ዓመትሽ ሲ አለ። ከዚያ ደግሞ የቤተሰብ ሁኔታ። ኮሚቴው ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚያየው።»

«ሲ ያለበት ሌላ ሰው አልፏል። ፊዚክስ ላይ። እኔ ስለማስጠናት አውቃለሁ።»

«ስለ ሌላ ተማሪ ከአንቺ ጋር አልነጋገርም።»

«አባቴን ጻፊው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ጻፍኩት። አሁን አባት አለሽ ተብዬ ነው የወደቅኩት?»

ዶክተር ሃቨርሊ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። «ኔልዳ፣ ከምንልካቸው ከመቶ ዘጠና አራቱ ይገባሉ። ያ ቁጥር እንዴት የሚመጣ ይመስልሻል?»

ካርታውን አየችው። «እኔን ባለመላክ» አለች።

አልካዱም። «ነርስነትን አስበሽበት ታውቂያለሽ?» አሉ ለስለስ ባለ ድምፅ።

«ከነርሶች ጋር ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» አለች። «እነሱ የሚሠሩትን ቢያዩ ኖሮ እንዲህ እንደ ማባበያ አይሰጡኝም ነበር።» ወጣች፤ በሩንም አልዘጋችውም።

ቢሆንም አመለከተች። በዶክተር ቬንካት ደብዳቤ ብቻ ለዘጠኝ ትምህርት ቤት አመለከተች። ዶክተሩ አራት ገጽ ጽፈውላት ነበር። ስድስቱ የኮሌጁ ኮሚቴ ደብዳቤ ለምን እንደሌለ ጽፋ እንድታስረዳ ጠየቋት። እውነቱን ጻፈች፤ ስድስቱም አንፈልግም አሉ። ሁለቱ ጭራሽ አልመለሱም። አንዱ ለቃለ መጠይቅ ጠርቷት፣ ደህና ከተነጋገረች በኋላ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገባት። በመጠባበቅ በልግ አለፈ፣ ክረምቱ መጣ። በነሐሴ አጋማሽ ቦታው መሙላቱን የሚገልጽ አጭር መልእክት መጣላት።

ኮሪን ከተቀበሏት ሦስት ትምህርት ቤቶች አንዱን መርጣ ገባች። የገባች ቀን ደወለችላት።

«አንቺ ባትኖሪ ኦርጋኒክን አላልፍም ነበር፤ ይሄን ለሁሉም ነው የምናገረው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ተናደሽብኛል አይደል?»

«አንቺ ላይ አይደለም።»

«ታዲያ ደስ ይበልሽልኝ እንጂ ኔልዳ። እባክሽ።»

«ደስ ብሎኛል» አለች ኔልዳ። ሽማግሌዎቹን ስታገላብጥ «ትንሽ ነው የሚያመው» በምትልበት ድምፅ ነበር ያለችው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ተጻጻፉ፤ ኋላ ኮሪን ሥራ በዛባት፤ ኔልዳም መመለሱን ተወችው።

በዚያው መስከረም የወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ አጥቶ ነበርና ኔልዳን ቀጠራት። ጥሩ አስተማሪ ናት ይላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ዶክተር ቬንካት ክሊኒካቸው ድረስ አስጠርተው ደግማ እንድታመለክት ጨቀጨቋት። «ፈተናሽ ገና ያገለግላል። ደብዳቤውን ስድስት ገጽ አደርገዋለሁ» አሏት።

«አባዬን ማን ያየዋል?» አለች።

«ይሄ የእነሱ ጥያቄ ነው፤ ያንቺ አይደለም።»

«አሁን የእኔም ሆኗል።»

ግማሹ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ ግን ያን ጽሑፍ ደግማ መላክም፣ ሌላ መጻፍም አለመፈለጓ ነው። ምን ብላ ትጽፋለች? ካሁን በኋላ የምትጽፈው ሁሉ ከየት እንደሚመጣ አውቃዋለች። ዶክተር ቬንካት ሁለት ዓመት ጨቅጭቀዋት ተዉ፤ ከዚያም ጡረታ ወጥተው ሴት ልጃቸው ዘንድ ቴክሳስ ሄዱ። ክሊኒኩ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይከፈታል፤ ሐኪሙም በየጊዜው ይቀያየራል።

ኦርቪል ዛሬም አለ። ሐኪሞቹ ከገመቱለት በላይ ቆይቷል። ኔልዳን ተቆጥቷት አያውቅም፤ ስለ ጽሑፉም አንድ ቃል አንሥቶ አያውቅም። ምግቧን ያመሰግናል፣ መድኃኒቱን ከእጇ ይወስዳል፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንዴት ዋልሽ ይላታል። ከሰዓት በኋላ ሩፈስ የሚባል የድሮ የሥራ ጓደኛው ይመጣና በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ሩፈስ ወሬኛ ነው፤ ኦርቪልም ከእሱ ጋር ሲሆን አፉ ይፈታል። ስለ ማዕድኑ፣ ስለ ሞቱት፣ ስለ ቀሩት፣ ትንፋሹ እስኪያጥረው ያወራል፤ ኔልዳ መኪናዋን አቁማ ወደ ቤቱ ስትመጣ ሳቁ ከሩቅ ይሰማታል።

የበረንዳውን ደረጃ ስትረግጥ ወሬው ይቆማል።

«ምን እያወራችሁ ነው?» ትላለች።

«ምንም» ይላል ኦርቪል። «ይዘንብ ይሆን እያልን ነበር።»

ሩፈስም ሰማዩን ያያል።